ዳካር ቀይ ባህር ማዶ ደርሷል፤ አዳይቱ ለምን ሩቅ ሆነ?

ጥር ሲገባ የእኛ ሰው ወሬው ሁሉ የዝውውር መስኮት ነው። አርሰናል አጥቂ ገዛ አልገዛ፣ ዩናይትድ ዘንድሮም ባዶ እጁን ቀረ እየተባለ ካፌው ይታመሳል። ልክ በዚሁ ሰሞን ግን ቀይ ባህርን ተሻግሮ በሚገኘው የሳዑዲ አረቢያ በረሃ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ሞተረኞች አቧራ ለብሰው፣ በቀን 400 እና 500 ኪሎ ሜትር ሲጋልቡ ይውላሉ። ታላቁ የዳካር ራሊ ነው። ስሙ ዳካር ይሁን እንጂ ከ2020 ጀምሮ የሚካሄደው በሳዑዲ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ የስፖርት ገጽ የምናዘጋጅ ሰዎች ለዚህ ውድድር የምንሰጠው ቢበዛ ሁለት መስመር ነው፤ እሱም ሰው ሲሞት።

ታዲያ ለምን ዛሬ ሙሉ ገጽ ሰጣችሁት የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዳካር ራሊን በሞተርም በመኪናም በማሸነፍ በታሪክ የመጀመሪያ የሆነው ሰው የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ከዚያም በላይ ዓለም ሳዑዲ ድረስ ሄዶ የሚፈልገው ዓይነት በረሃ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወጣ ብሎ ይጀምራል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ስናስቀምጣቸው ጥያቄው ራሱ ይመጣል። ሰውየውም ከእኛ፣ በረሃውም የእኛ ከሆነ ውድድሩ የት ጠፋ?

የአዲስ አበባው ልጅ

ሁበር ኦሪዮል ይባላል። ጁን 7 ቀን 1952 ከፈረንሳውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወለደ። ፈረንሳዮች ራሳቸው ቅጽል ስም ሲያወጡለት "አፍሪካዊው" ነው ያሉት። ፓሪስ ዳካር ዲሴምበር 26 ቀን 1978 ከፓሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ከ182ቱ ተሽከርካሪዎች መካከል የእሱም ሞተር ነበረች። ዳካር የደረሱት 74 ብቻ ሲሆኑ፣ በሞተር ቀዳሚ የሆነው በያማሃ የጋለበው ሲሪል ኔቨ ነው። የኦሪዮል ተራ ግን ብዙም አልቆየም። በ1981 እና በ1983 በቢኤምደብሊው ሞተር አሸነፈ። በ1992 ደግሞ ውድድሩ መስመሩን ቀይሮ ከፓሪስ እስከ ኬፕ ታውን ሲሄድ በሚትሱቢሺ መኪና አንደኛ ወጣ። ከእሱ በኋላ ስቴፋን ፒተርሃንሰል መጥቶ በሞተር 6፣ በመኪና 8 ጊዜ በማሸነፍ ሪከርዱን ሁሉ ጠራርጎ ወስዶታል፤ በሩን የከፈተው ግን ኦሪዮል ነው።

ሰውየው ከድሎቹ ይልቅ የሚታወስበት ቀን ግን የተሸነፈበት ነው። የኳስ አፍቃሪ የሆነ ሁሉ የማንቸስተር ሲቲውን በረኛ በርት ትራውትማንን ያውቃል፤ በ1956 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ አንገቱ ተሰብሮ እስከ መጨረሻው ፊሽካ የተጫወተውን። የሞተሩ ትራውትማን ኦሪዮል ነው። በ1987 ራሊው ሊጠናቀቅ አንድ ቀን ሲቀረው በካጂቫ ሞተር እየመራ ነበር። ከመሬት የወጣ የዛፍ ጉቶ መታውና ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰበሩ። ሰውየው ምን አደረገ? ሞተሩ ላይ ተመልሶ ወጣ! በተሰበሩ ሁለት እግሮች ማርሽ እየቀየረ፣ እያለቀሰ የዕለቱ መጨረሻ ድረስ ነዳ። እዚያ ሲደርስ ግን መቆም አልቻለም፣ ተሸክመው አወረዱት። ዋንጫውን ኔቨ ወሰደ። በሞተር ዳግመኛ ዳካርን ሳይጋልብ ወደ መኪና የዞረው ከዚያ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ ኦሪዮል ጋላቢ ብቻ አልነበረም። ከ1995 እስከ 2004 የራሊው ዳይሬክተር ሆኖ ሰርቷል። ለእኛ ጉዳይ ደግሞ ከሁለቱ የተሰበሩ እግሮች ይልቅ ይሄ ዘመኑ ነው የሚጠቅመን። በ2000 ራሊው ከዳካር ተነስቶ እስከ ካይሮ የሚሄድ ሲሆን ኒጀር ላይ የታጠቁ ሰዎች ሊያጠቁ ነው የሚል መረጃ መጣ። ኦሪዮል ሞተሩን፣ መኪናውን፣ የጭነት መኪናውንና ሰውን በግዙፍ የአንቶኖቭ አውሮፕላኖች ጭኖ ከኒያሜ ሊቢያ አሻገረው። አስቡት፤ አንድ ሙሉ ራሊ በአየር! ይህ ሰው በጃንዋሪ 2021 ራሊው ሳዑዲ ላይ እየተካሄደ ሳለ አረፈ። 68 ዓመቱ ነበር። የሞቱን ዜና ስንቶቻችን "አዲስ አበባ የተወለደው" ብለን ጽፈነው ይሆን?

አዋሽን ተከትሎ

አሁን ወደ ራሳችን በረሃ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዳማን፣ መተሐራን አልፎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲደርስ መንገዱ ሁለት ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ ድሬዳዋና ሐረር ሲያመራ፣ ወደ ግራ የሚታጠፈው የአዋሽን ሸለቆ ይዞ አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን፣ አዳይቱን፣ ሚሌንና ሎግያን እያለ ሰመራ ይገባል፤ ከዚያም በሰርዶና በዲቾቶ አድርጎ ጋላፊ ላይ ጅቡቲን ያገኛል። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ማለት የዳካር አንድ ቀን ማለት ነው፤ አይበልጥም፣ አያንስም።

አስፋልቱን ላየው ሰው በረሃ አይመስልም። ከአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ የሚያልፍ ነውና ተሳቢው ቀንና ሌሊት ይጎርፋል። ሞተረኛ ለሆነ ሰው የዚህ መንገድ ትልቁ አደጋ አሸዋ ሳይሆን ሁለት ተሳቢ ጎን ለጎን ሲመጡ ነው። ግን ከአስፋልቱ 5 ኪሎ ሜትር ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ገባ ማለት ነው፤ ሁሉ ነገር ይለወጣል። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ደረቅ የወንዝ መውረጃ፣ ልል አቧራ፣ ከዚያም ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾህ። ገዋኔ አካባቢ ይህ ቁጥቋጦ የግጦሹን መሬት ውጦታል፤ እሾሁ ደግሞ የከብት ሰኮና አይምርም፣ ጎማማ ምን ሊያደርገው! በዚያ በኩል የሚሄድ ሞተረኛ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያና የእጅ ፓምፕ ሳይዝ ከወጣ ጎሚስታ ፍለጋ ሞተሩን እየገፋ ነው የሚውለው።

ሙቀቱም አለ። ሰመራ ከባህር ጠለል በላይ 400 ሜትር ያህል ናት። ወደ ሰሜን በዘለቁ ቁጥር መሬቱ እየወረደ ይሄድና ዳሎል ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይገኛል። በ1960ዎቹ በተመዘገበው መረጃ የዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። የቀን ከፍተኛ ሳይሆን ሌሊቱም ክረምቱም ተደምሮ አማካዩ ማለት ነው! ሄልሜት፣ ጓንት፣ የደረት መከላከያና ቦት ጫማ ያደረገ ጋላቢ በዚህ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። እርግጥ ዳካር የሚካሄደው በጃንዋሪ ነው፤ አፋርም በዚያ ወር ደህና ናት። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ማንም አይሞክረው።

ይህን ሸለቆ በረጅሙ የተጓዘ ሰው ሲነሳ ደግሞ ሌላ የአዲስ አበባ ልጅ ይመጣል፤ ጉዳዩን ሳየው የገረመኝም ይሄ ነው። እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1910 አዲስ አበባ፣ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተወለደ። በ1930 የአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ላይ ተገኘ። በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ግመሎቹን ጭኖ ተነሳ፤ ዓላማው አዋሽ ወንዝ የት እንደሚያልቅ ማየት ነበር። ከሱ በፊት በ1928 ኔስቢት የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ከሁለት ጣሊያኖች ጋር በረሃውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ወጥቷል፤ ቀደም ባሉት ዘመናት የገቡ አንዳንድ የአውሮፓ ጉዞዎች ግን ሳይመለሱ ቀርተዋል። ቴሲጀር አውሳ ደርሶ ከሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አገኘ፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እንደሚቀር አየ፣ በሜይ 1934 ታጁራ ወጣ። ልብ በሉ፤ ያሻገረው ጠመንጃው ብቻ ሳይሆን የሱልጣኑ ፈቃድ ነው።

ይኸው ሰው ከ1946 ጀምሮ የአረቢያውን ሩብ አል ኻሊ፣ ማለትም "ባዶው ሩብ" የሚባለውን የአሸዋ ባህር ሁለት ጊዜ አቋርጦ የዓለም ስም ሆነ። ዳካር አሁን የሚመካበት ክፍል እሱ ነው። በ2024 አዘጋጆቹ በዚያ አሸዋ ላይ የ48 ሰዓት ፈተና አስገቡ፤ ጋላቢው ሰዓቱ ሲደርስ ባለበት ጣቢያ ይቆማል፣ መካኒክ የለም፣ ቡድን የለም፣ ድንኳንና የተወሰነ ምግብ ተሰጥቶት እዚያው ያድራል። ቴሲጀር መኪና የሚባል ነገር አይወድም ነበርና ቢያይ ምን እንደሚል አናውቅም። እኛን የሚመለከተው ግን ሌላ ነው። ያን በረሃ ለመድፈር የተለማመደው አዋሽ ላይ ነው። እኛ ጋ ልምምድ፣ እነሱ ጋ ዋናው ጨዋታ!

ገንዘብ ነው? አይደለም

ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ "ብር የለንማ" ይላል። እውነት አለው፤ አንድ የሳዑዲ መንግሥት የሚያወጣውን ገንዘብ እኛ አናወጣም። አንድ ተራ ጋላቢ እንኳ ዳካር ለመወዳደር በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ያስፈልገዋል። ግን ገንዘቡ ሁሉንም አይገልጽም። ማስረጃዬ ቦትስዋና ናት።

ቦትስዋና በሕዝብ ብዛት ከአዲስ አበባ ታንሳለች። በኳስም ቢሆን የምንፈራት አገር አይደለችም። ካላሃሪ በረሃዋ ላይ ግን ለብዙ ዓመታት የ1000 ኪሎ ሜትር የበረሃ ውድድር ሲካሄድባት ኖሯል። ከዚያች አገር ሮስ ብራንች የሚባል ሰው ወጣ፤ ሥራው አውሮፕላን አብራሪነት ነው። በ2024 የዳካር ራሊ ከአሜሪካዊው ሪኪ ብራቤክ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ፣ በዚያው ዓመት የዓለም የራሊ ሬይድ ሻምፒዮና በሞተር አሸነፈ። የጋለበው ሞተር ደግሞ ሄሮ ነው፤ የሕንድ ፋብሪካ! የሕንዱ ቲቪኤስም ከፈረንሳዩ ሸርኮ ጋር ተጣምሮ ዳካር ላይ ይወዳደራል። ቲቪኤስን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ እንዴ? ከሚሌ እስከ ሎግያ፣ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ሰውና ከረጢት የሚያመላልሰው እሱ አይደል!

እርግጥ ዳካር ላይ ያለው ሞተርና የሎግያው ሞተር በስም እንጂ በሥጋ አይገናኙም። የዳካሩ እስከ 450 ሲሲ የተፈቀደለት፣ ቢያንስ 250 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነዳጅ የሚይዝ፣ ሾክ አብዞርበሩ ለብቻው የእኛን አምስት ሞተር የሚገዛ ነው። ቢሆንም የሚጋራው ነገር አለ። ዳካር ላይ ያለ ረዳት የሚወዳደሩ ጋላቢዎች ምድብ አለ። አዘጋጁ አንድ ሣጥን ዕቃቸውን ብቻ ያጓጉዝላቸዋል፤ ቀን ይጋልባሉ፣ ማታ ራሳቸው ዘይት ይቀይራሉ፣ ጎማ ያወጣሉ፣ ሰንሰለት ያጠብቃሉ፣ ሦስት ሰዓት ተኝተው ይነሳሉ። በስፖርቱ ዓለም ትልቁ ክብር የሚሰጠው ለእነዚህ ነው። እንግዲህ ይሄ የእኛ አገር ሞተረኛ የዕለት ኑሮ ነው። ካንዴላ በጥርስ ብሩሽ አጽድቶ፣ የፍሬን ገመድ በሽቦ ቀጥሎ የሚነዳ ልጅ በየከተማው ሞልቷል። የጎደለው ችሎታውን የሚመዝንበት ሜዳ ነው።

ሜዳ ሲባል ደግሞ ቁስላችን ይነካል። ከ2021 ጀምሮ ካፍ ስታዲየሞቻችንን ከመዘገቡ ሰርዞ ዋልያዎቹ የሜዳ ጨዋታቸውን በሰው አገር ለማድረግ ተገደዋል። በጁን 2022 ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ ታላቅ ቀን እንኳ የተደረገው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። አንድ ሣርና መጸዳጃ ቤት ማሟላት ያቃተን ሰዎች ለራሊ ሄሊኮፕተር እናቅርብ ብንል የሚሰማን የለም። ኬንያ በ2002 ያጣችውን የሳፋሪ ራሊ የዓለም ሻምፒዮና ቦታ በ2021 የመለሰችው መንግሥት እጁን ስላስገባ ነው።

ሞተርን በተመለከተ መንግሥታዊ አካሎቻችን የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፤ ማገድ። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ አስተዳደር ከልዩ ፈቃድ ውጭ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን አገደ። የቀረበው ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያና ወንጀል ነው፤ ነጠቃው ደግሞ የሐሰት አልነበረም፣ ስንቱ ስልኩን በሞተር ተነጥቋል። ግን በዚያ ቀን በሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚኖረው ወጣትም አብሮ ቆመ። በኋላ በማኅበር ለተደራጁት ቢፈቀድም ሞተር በከተማው ሰው አእምሮ ውስጥ የሌባ መሣሪያ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህ ዓይነት አመለካከት ስፖርተኛ አይወጣም። ኳስ ተጫዋች ሁሉ መስኮት ይሰብራል ተብሎ ኳስ ቢታገድ ማለት ነው።

ዋናው ነገር አዳይቱ ነው

ብሩም ይገኝ፣ ሕጉም ይስተካከል። ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ትልቅ ጥያቄ የምታሳየው አዳይቱ ናት።

አዳይቱ ከገዋኔና ከሚሌ መካከል መንገዱ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ለሹፌሩ ሻይ ጠጥቶ የሚያልፍባት፣ ለፈታሹ የኮንትሮባንድ ስም የሚነሳባት ቦታ ናት። ለፖለቲካው ግን ሌላ ናት። አዳይቱ፣ ኡንዱፎና ገዳማይቱ፣ በሌላ ስሙ ጋርባ ኢሳ፣ አፋርና ሶማሌ ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ የሚያነሱባቸው ሦስት ቀበሌዎች ናቸው። በ2014 በተደረገ ስምምነት በልዩ ሁኔታ በአፋር ክልል ስር እንዲሆኑ ተወሰነ፤ በ2019 የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣ። በኦክቶበር 2020፣ በኤፕሪልና በጁላይ 2021 በአካባቢው በነበሩ ግጭቶች የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። በጁላዩ ግጭት የተቆጡ ወጣቶች በሶማሌ ክልል በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን የባቡር ሐዲድና መንገድ ዘግተው ነበር። የትኛው ወገን ትክክል ነው የሚለውን ለመፍረድ ይህ ገጽ ቦታው አይደለም። የሞተው የአርብቶ አደር ልጅ ነው፤ በሁለቱም በኩል።

እዚህ ላይ የዳካርን ታሪክ እናስታውስ። ዲሴምበር 24 ቀን 2007 ሞሪታንያ ውስጥ አራት ፈረንሳውያን ቱሪስቶች ተገደሉ። የ2008ቱ ራሊ ከሊዝበን ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጃንዋሪ 4፣ ተሰረዘ። ከ500 በላይ ተወዳዳሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ። በቀጣዩ ዓመት ራሊው ደቡብ አሜሪካ ገባ፣ እስከ 2019 እዚያው ቆየ፣ ከዚያ ሳዑዲ። ስሙን ብቻ ይዞ አፍሪካን ለቀቀ። ለአንድ ራሊ ሰላም ማለት እንዲህ ነው።

አፋር በዚህ በኩል ከባድ ዝርዝር አለባት። በጃንዋሪ 2012 ኤርታ አሌ ላይ አምስት የአውሮፓ ቱሪስቶች ተገድለዋል፣ በዲሴምበር 2017 እዚያው አካባቢ አንድ ጀርመናዊ። በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሚሌ መንገድ ተጠግቶ ካሳጊታ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ የጅቡቲ መንገድ ሊቆረጥ ነው ተብሎ አገር ተጨነቀ። ተፈጥሮውም አላረፈም። ከ2024 መስከረም ገደማ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሳ። ኖቬምበር 23 ቀን 2025 ደግሞ ሀይሊ ጉቢ የሚባለው ተራራ በተመዘገበ ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ሕንድ ደረሰ። አፍዴራ አካባቢ ግጦሹ አመድ ለበሰ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ "ስለዚህ እርሱት" ለማለት አይደለም። ግን ራሊ ሲመጣ ለአካባቢው ሰው ምን ይመጣል የሚለው መጠየቅ አለበት። ዳካር በአፍሪካ ዘመኑ ሞተረኛ ብቻ አይደለም የገደለው። በ2005 የሁለት ጊዜ አሸናፊው ፋብሪዚዮ ሜዮኒ ሞሪታንያ ላይ፣ በ2020 ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬዝ ሳዑዲ ላይ ሲሞቱ ዓለም አለቀሰ። መስራቹ ቲየሪ ሳቢን ራሱ በ1986 ማሊ ላይ በሄሊኮፕተር አደጋ አለፈ። በየመንደሩ ዳር ቆመው ሲያዩ የተገጩ ሕፃናት ግን ስማቸው የትም የለም። ተቃዋሚዎች ራሊውን የሀብታም ጨዋታ በድሃ ጓሮ እያሉ ሲከሱ የነበረው ለዚህ ነው፤ እኔም ከሞላ ጎደል እስማማለሁ። አፋር ላይ ግመል አንድ ቤተሰብ ነው። በተሳቢ የሚገጨው ከብት ዛሬም የጸብ ምክንያት ይሆናል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚበር ሞተር ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ በአዋሽ ሸለቆ የበረሃ ውድድር የሚያስብ ካለ ከሄሊኮፕተሩ በፊት የሚያስፈልገው ዳጉ ነው። አፋሮች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን አንድ በአንድ ይለዋወጣሉ፤ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን አለፈ፣ ማን ታመመ። የሰማ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። የዳካር ጋላቢ "ሮድ ቡክ" የሚባል የመንገድ መምሪያ እጀታው ላይ አስሮ ያነባል፤ ስህተት አንድ መስመር ካነበበ 20 ኪሎ ሜትር ጠፍቶ ይመለሳል። በ2023 ኬቪን ቤናቪደስ ቶቢ ፕራይስን ያሸነፈው ከሁለት ሳምንት ግልቢያ በኋላ በ43 ሰከንድ ብቻ መሆኑን ስታስቡ አንድ መታጠፊያ መሳት ምን እንደሚያስከፍል ይገባችኋል። አፋር ላይ ግን ትናንት የነበረው መሻገሪያ ዛሬ በጎርፍ ሄዷል፣ ትናንት ባዶ የነበረው ሜዳ ዛሬ መንደር ሰፍሮበታል። ፓሪስ ላይ የታተመ መምሪያ ይህን አያውቅም። ዳጉ ግን ያውቃል። ቲየሪ ሳቢን ይህን ራሊ ያሰበው በ1977 በሞተር ሲወዳደር ሊቢያ በረሃ ላይ ጠፍቶ ሊሞት ደርሶ ነው። አፋር ላይ ቢሆን ኖሮ መጥፋቱን ከእሱ ቀድሞ ሰው ይሰማ ነበር።

ለመጀመር የዳካርን ግማሽ እንኳ አንፈልግም። ሰመራ የሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ ዱብቲ ሆስፒታል ከጎኗ ነው፣ ሎግያ መካኒክ አይጠፋም። አንድ የሁለት ቀን ውድድር፣ በጥር፣ ለአገር ውስጥ ሞተረኞች ብቻ፣ በትንንሽ ሞተር፣ የአካባቢው ወጣቶች ያለ ክፍያ የሚገቡበት። መስመሩን የጎሳ መሪዎች የሚያዩት፣ የተገጨ ከብት ካሳ አስቀድሞ የሚቀመጥበት። ለውድድሩ መንገድ ጠቋሚ፣ የጊዜ ተቆጣጣሪና የውኃ አቅራቢ ከአፋርም ከኢሳም ወገን አብረው የሚሠሩበት። ይህን ለማድረግ ቢሊዮን አያስፈልግም፤ አንድ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ በዓመት ለተጫዋች ፊርማ ከሚያወጣው ያንሳል።

አንድ ነገር ግን የራሊ ሕጉ ራሱ ቀድሞ ይወስናል። በዳካር ደንብ የቀኑ መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። ሰዓት የሚያዝበት የውድድር ክፍል አለ፣ ሰዓት የማይያዝበት ማገናኛ መንገድ አለ። ሰው በሚኖርበት አካባቢ ጋላቢው በተወሰነለት ፍጥነት ብቻ ያልፋል፤ ከበለጠ መሣሪያው ይመዘግበውና ቅጣት ይጨመርበታል። አዳይቱ ላይ እንግዲህ ማንም ቢያሸንፍ ቀስ ብሎ፣ ግመሉን አሳልፎ፣ ልጆቹን ሰላም ብሎ ነው የሚያልፈው። ሰዓቱ የሚጀምረው ከከተማዋ ወዲያ ነው፤ ከስንት ኪሎ ሜትር ወዲያ እንደሚሆን ደግሞ መጠየቅ ያለባቸው አዳይቱ ዛፍ ጥላ ስር የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው።